ደግማችሁ ጠይቋት

ልጄ አራት ዓመት ሊሞላት ሲል ካምፓላ፣ ማኪንድዬ ካለው መዋዕለ ሕፃናቷ ተጠራሁ። መምህሯ ገና ወጣት ናት፤ ክፉ ወሬ እንኳ በፈገግታ ነው የምታወራው። ልጅቷ ክፍል ውስጥ እንደማትሳተፍ፣ ቀለም ሲሰጧትም ተራሽ ነው ሲሏትም ራሷን እንደምትነቀንቅ ነገረችኝ። እኩዮቿ ወደ ሚድል ክላስ ሲያልፉ እሷ ቤቢ ክላስን ብትደግም ይሻላል አለች።

ደሜ ፈላ። ቤት ውስጥ አባቷን በአማርኛ፣ በር ላይ የቦዳ ሞተር ሳይክል ነጂዎችን በሉጋንዳ ስትጨቀጭቅ የምትውል ልጅ እኮ ናት!

"ማማ፣ እኛ እንጠይቃታለን" አለች መምህሯ። "እምቢ ካለች ግን አናስገድዳትም።"

ይህን ብላ ቴርሞሱን ከፈተችና ሻይ ልቅዳልዎት አለችኝ። "አይ፣ ይቅርብኝ" አልኩ። እሺ ብላ ከደነችው።

ሻዩ አምሮኝ ነበር። ከናሙዎንጎ ሰፈር በቦዳ ስመጣ ዝናብ ደብድቦኛል። ካምፓላ ይህን ያህል ዓመት ኖሬም "ኧረ በሞቴ" እስክባል ነበር የጠበቅሁት። የተከደነውን ቴርሞስ እያየሁ ነገሩ ገባኝና ብቻዬን ሳቅሁ።

ልጄ እየተግደረደረች ነበር። ሰው ቤት ስንሄድ ቶሎ እጇን እንዳትዘረጋ፣ መጀመሪያ "ጠግቤያለሁ" እንድትል ያስተማርናት እኛው ነን። እሷ ደግሞ ቀለሙንም ኳሱንም እንደ ምግብ ቆጥራ እስክትለመን ትጠብቃለች። የሚለምን ግን የለም፤ ተራው ወደ ቀጣዩ ልጅ ያልፋል። ይህንኑ ነገርኳት።

"የሚፈልግ ሰው አልፈልግም ይላል?" አለች መምህሯ ግራ ገብቷት።

"እኔ ራሴ ሻዩን ፈልጌዋለሁ።"

ከት ብላ ስቃ ቀዳችልኝ። ቢሆንም በቀላሉ አልተረታችም። ያን ሁሉ ልጅ እየለመንኩ ልዋል ወይ አለች። ሁሉንም አላልኩም፣ እሷን ብቻ አልኳት። አንዱ ልጅ መታቀፍ ይፈልጋል፣ ሌላው ሮጦ ካልወጣለት አይቀመጥም፤ የእኔዋ ትንሽ ተጠብቃ እንደገና መጠየቅ ነው የሚያስፈልጋት። ያ ሳይሞከር ትድገም ማለት ግፍ ነው አልኩ፤ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር። በመጨረሻ እስከ ተርሙ ማብቂያ ልትሞክር ተስማማች። ለምኖ ለመስጠት በእኛ ቋንቋ ምን እንደሚባልም ጠየቀችኝና ነገርኳት።

ማታ ለባለቤቴ ስነግረው "ጨዋ ልጅ አሳድገን ልናስደግማት ነበር በይኛ!" ብሎ ሳቀ።

ተርሙ ሊያልቅ ሲል ልወስዳት ሄጄ በመስኮት አየሁ። መምህሯ የቀለም ብሩሽ ይዛ አጠገቧ በርከክ ብላለች። ልጄ ራሷን ነቀነቀች። መምህሯ ጥቂት ጠብቃ "በሞቴ" አለቻት፣ በዚያ በሉጋንዳ አፏ። ልጄ ብሩሹን ተቀብላ ወረቀቱን በቀይ ሞላችው። መስኮቱ ስር ቆሜ እንባዬ መጣ፤ የደስታ ነው።

በኋላ መምህሯ ልጅቷ ሚድል ክላስ እንደምትገባ ነገረችኝና ቴርሞሱን አነሳች። እኔም እንደ ልማዴ ይቅርብኝ አልኩ።

"በሞቴ" አለችኝ።

ሻዬን ስጠጣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሌሎቹንም ልጆች ደግማ መጠየቅ እንደጀመረች አጫወተችኝ።

"እምቢ ያሉ ይመስለኝ ነበር" አለች፤ "ለካ እየጠበቁኝ ነው።"