የማማው ርክክብ

የልጄን ስም ያጣሁት ወልድያ ገበያ መሐል ነው። ሽንኩርት እየመረጥኩ ሳለ ከላይ በኩል ሰው መሮጥ ጀመረ። ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ በዚያ የጦርነት ጊዜ አንድ ሰው ከሮጠ ገበያው ሁሉ ይሮጣል። ዞር ስል የዘጠኝ ዓመት ልጄ አጠገቤ የለችም። ልጠራት አፌን ከፈትኩ፤ ስሟ ጠፋ። ወላሂ፣ ያማጥኳት ልጅ፣ ራሴ ስም ያወጣሁላት ልጅ! «አንቺ! አንቺ!» እያልኩ እጮሃለሁ፤ የገበያው ሴት ሁሉ «አንቺ» ነውና ማን ይዙርልኝ? በመጨረሻ ራሷ መጥታ ቀሚሴን ያዘች። «እማ፣ ምነው ዘሃራ አትይኝም?» አለችኝ። ሩጫው ለካ በሬ ፈርጥጦ ነው። እኔን ግን ያን ቀን ፍርሃት ገባኝ። ነገ የምር ሽሽት ቢመጣ ይህችን ልጅ ይዤ የምወጣው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ እንቅልፍ ከተለየኝ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ።

ልጅ እያለሁ በእንቅልፌ ነበር የምታወቀው። ቤታችን ከመርሳ ወረድ ብሎ ሀብሩ ቆላው ላይ ነው። አባቴ ማሽላ ያርሳሉ። ማሽላው እሸት ሲይዝ ማሳው መሐል አራት ባላ ተክለው፣ በላዩ ርብራብ አድርገው ማማ ይሠራሉ፤ ሌሊቱን እዚያ ላይ ሆነው ከርከሮና ጃርት ይጠብቃሉ። ቀኑ ደግሞ የወፍ ነው፤ ወፉ የኔ ድርሻ ነበር። ሱብሂ ተሰግዶ ሲያበቃ፣ ጤዛው እግሬን እያራሰኝ፣ ዓይኔን እያሸሁ በማሽላው መሐል እሄዳለሁ። የእሸት ማሽላ ሽታ ጠዋት ጠዋት ወተት ወተት ይላል። ጥንቅሽ ሰብሬ እየመጠጥኩ ማማው ሥር ስደርስ አባቴ ከላይ ሆነው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ያ ሰላምታቸው ነው።

ርክክባችን ሥርዓት ነበረው። ከማማው ይወርዱና ወንጭፉን በሁለት እጃቸው ይሰጡኛል። «ተረከብሽኝ?» ይላሉ። «ተረከብኩዎት፤ ተኙ አባ» እላለሁ። ይህን ቃል ሳይሰሙ ዓይናቸውን አይከድኑም፤ ከሰሙ በኋላ ግን ማማው ሥር ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ገና ወደ ላይ ወጥቼ ሳልቀመጥ ያንኮራፋሉ። እኔ ይገርመኝ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የፈጠጠ ዓይን በአንዲት ቃል እንዴት ይዘጋል?

አንድ ቀን ቃሉን ሰጠሁና ተኛሁ። አፌ ነበር «ተረከብኩ» ያለው፤ እኔ ግን ከመኝታዬ ገና በቅጡ አልነቃሁም ነበር። ማማው ላይ ወጥቼ ጥንቅሼን እንደያዝኩ ተኝቼ ቀረሁ። የቀሰቀሰኝ የአባቴ ጩኸት ነው። ግሪሳ ወፍ ወርዶ ማሳው ላይ ቡናማ ነጠላ ያለበሱት መስሏል። አባቴ በባዶ እጃቸው እያጨበጨቡ በማሽላው መሐል ሲሮጡ አየሁ። ወፉ ሲነሳ ዳር ዳሩ ላይ የቀረው ባዶ ራስ ነበር።

ዱላ ጠበቅሁ። እናቴ «በል ግረፋት እንጂ! እንቅልፋም!» እያለች ከቤት መጣች። አባቴ ግን ቁጭ ብለው ላባቸውን ጠረጉና፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። ዓይኗን ሳላይ አፏን አምኜ ተኛሁ» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲያ ቃል ብቻ አልበቃቸውም። ዓይኔን ያያሉ፤ ቀጥሎ የመጀመሪያዋን ጠጠር ወርውሬ ወንጭፉ ጧ ሲል ይሰማሉ፤ ያን ጊዜ ይተኛሉ። «ሰው የሚተኛው ሌላ ሰው ነቅቶ ሲጠብቅለት ብቻ ነው» ይሉ ነበር። እኔ ያኔ ስለ ወፍ የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር።

አድጌ ወልድያ አገባሁ። ባለቤቴ ከጦርነቱ በፊት ሞተ፤ እኔና ዘሃራ አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ ቅመም እየቸረቸርኩ እንኖር ነበር። ጦርነቱ መጀመሪያ ከተማው የገባ ጊዜ መውጫ አጣን። መብራት የለ፣ ስልክ የለ። እነዚያን ወራት ጀርባዬን በሩ ላይ አስደግፌ አደርኩ። ከውጭ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር የልጄን ትንፋሽ እሰማለሁ፤ አጠገቤ አለች። ከተማው ሰላም ሆነ ተብሎ ሰው ሁሉ ወደ አልጋው ሲመለስ እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። አልጋ ላይ ብወጣ እንኳ ጀርባዬ በሩን ይፈልጋል። ዓይኔን ስከድን ልቤ ይሮጣል፤ አንድ ሰዓት ሸለብ ያደርገኛል፣ ደንግጬ እነሳለሁ። ጎረቤቴ «ይቺን ዋጪ» ብላ ለራሷ የታዘዘላትን ክኒን ሰጠችኝ፤ ልጄን ሳልሰማት እንዳልቀር ፈርቼ ክኒኗን ትራሴ ሥር ደበቅኳት።

ከገበያው ቀን በኋላ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። በዕድሜ የምትበልጠኝ ሲስተር ሁሉን ሰማችኝ። የሰው ክኒን ባለመዋጤ «ደግ አደረግሽ» አለችኝ። ከቀትር በኋላ ቡናውን እንድተው፣ ቀን ቀን እንዳልጋደም፣ ተኛሁም አልተኛሁም ሁልጊዜ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት እንድነሳ መከረችኝ። «እንቅልፍ እንደ ጥጃ ነው፤ ስትጎትችው እግሩን ይተክላል። ካልመጣ ተጋድመሽ አትታገይው። ተነሺና ሌላ ክፍል ተቀመጪ፤ ዓይንሽ ሲከብድ ተመለሺ» አለች።

«ክፍሌ አንድ ነው ሲስተር፣ ጎረቤት ልግባ?» አልኳት።

ሳቀች። «እንግዲያ በርጩማሽ ሌላ ክፍል ይሁንልሽ።» ከዚያ ሳቋን ትታ፣ «እህቴ፣ ሰውነትሽ ገና ዘብ ቆሟል። ጦርነቱ አለፈ ቢባልም እሱን ያስለቀቀው የለም። ቀስ እያልሽ ነው የምታለምጂው» አለችኝ።

ያለችኝን አደረግሁ። በርጩማዬ ላይ እየተቀመጥኩ፣ በጣቴ ዚክር እየቆጠርኩ፣ ሲከብደኝ እየተመለስኩ ሁለት ሰዓት መተኛት ጀመርኩ። ሦስት የተኛሁበትም ቀን ነበር። እፎይ ልል ስል ከወደ ቆቦ የጦርነቱ ወሬ እንደገና መጣ፤ ከርቀት የሚያጉረመርመው ነጎድጓድ አልነበረም። ያችው ሁለት ሰዓቴም ሄደች።

ጠዋት ልብሳችንን በፌስታል ቋጥሬ ልጄን ይዤ ወጣሁ። በባጃጅ እስከ መናኸሪያ፣ ከዚያ ሰው ላይ ሰው የተጫነበት ሚኒባስ ውስጥ ገባን። ስሟ እንደገና እንዳይጠፋብኝ ፈርቼ መንገዱን ሁሉ «ዘሃራ፣ ዘሃራ» እላለሁ። «አቤት፣ አቤት» ትላለች። ሲሪንቃን ስናልፍ፣ «እማ፣ አቤት ማለት ደከመኝ፤ ዝም ብዬ እጅሽን ብጨብጥስ?» አለች። ሰዎቹ በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሳቁ። እየጨበጠች መርሳ ደረስን። ከዚያ በእግራችን ወረድን።

ማሽላው እሸት ይዟል። አባቴ አርጅተዋል፤ አሁን ማማው ላይ የወንድሜ ልጆች ናቸው የሚወጡት። አቅፈው ሳሙን፤ «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» አሉኝ። ዘሃራ ጥንቅሽ ተሰጥቷት ከልጆቹ ጋር ሄደች። እኔ ሳላውቀው በሩ ላይ ጀርባዬን አስደግፌ ተቀምጫለሁ።

«ምነው እዚያ? ወደ ውስጥ አትገቢም?»

«ለምዶብኝ ነው አባ። እንቅልፍ እንቢ ካለኝ ዓመት አለፈኝ።»

አባቴ ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡና ወንጭፉን ከተሰቀለበት አውርደው ወጡ። «እስቲ አምጪ» አሉና እጃቸውን ዘረጉ፤ ምኑን እንደሆነ ገባኝ። የያዝኩት ነገር አልነበረም፤ ባዶ ሁለት እጄን እጃቸው ላይ አደረግሁ።

«ተረከቡኝ አባ?»

«ተረከብኩሽ ልጄ። ተኚ።»

እንዳስተማሩኝ ዓይናቸውን አየሁ። ጥግ ጥጉ ሞራ ለብሷል፤ ግን ነቅቷል። ጠጠር አነሱ። ወንጭፉ ላይ አድርገው አሽከረከሩትና ለቀቁት። ወንጭፉ ጧ አለ፤ ከማሽላው ወፍ ተነሳ። ዓመት ሙሉ ኮሽታ ሲያስደነግጠኝ ኖሮ በዚያ ድምፅ ግን ሰውነቴ ላላ። ገብቼ ተጋደምኩ። የአስር ሶላት አዛን ገና እየተባለ ነበር፤ መግሪብን አልሰማሁም፣ ኢሻንም። ሱብሂ ላይ ዓይኔን ሳልገልጥ «ዘሃራ!» አልኩ። ስሟ አፌ ላይ ነበር።

«አቤት እማ» አለች ከጎኔ።

አሁንም እንቅልፍ እንቢ የሚለኝ ቀን አለ። ያን ጊዜ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ፤ ሲስተሯ ያለችኝን አልረሳሁም። ድሮ ለአባቴ እኔ እነቃ ነበር፤ ዛሬ በእርጅናቸው እሳቸው ይነቁልኛል። ወሬው ገና አልበረደም። እኛ ግን አባቴ ቤት ገብተናል። ልጄም እኔም ደህና ነን፤ አልሐምዱሊላህ።