በሁለት ተኩስ መካከል የሚገባ እርጥብ ጨርቅ

ባ ዘርዋል በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ ጠመንጃ ተኩሰው አያውቁም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው፣ በእኛ አገር፣ በዱካላ ሜዳ፣ ስለ ሰው ሲወራ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ፈረስ አለው? ጠመንጃ አለው?» ስለሆነ ነው። እሳቸው ሁለቱም የላቸውም። ያላቸው ደረታቸው ድረስ የሚመጣ የወይራ ዘንግ፣ አንድ ባልዲ፣ ሞራና ሰም ተቀላቅሎ የቀለጠበት ቆርቆሮ፣ ሚስታቸው ላላ ሃዱም ከአሮጌ ጀለቢያ የቀደደችላቸው የጨርቅ ክምር፣ በቃ። በዚህች ዕቃ የአሥራ አምስት ሰው ጣትና ዓይን ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብቀዋል። የእኔንም ጭምር። የእኔ ነገር ይደርሳል።

የእኛ ጠመንጃ የአያቶቻችን ነው። ባሩዱን የሚጎርሰው በአፈሙዙ ነው፤ በዘንግ ይጠቀጠቅና ይተኮሳል። ጥይት የለውም፣ የምንፈልገው ድምፁን ነው። በመንደራችን አውሊያ ዓመት በዓል አሥራ አምስት ፈረሰኞች በአንድ መስመር እንጋልባለን። መሪያችን፣ ሙቀደም የምንለው፣ ከመካከል ሆኖ ሲጮህ ሁላችንም ቃታ እንስባለን። አሥራ አምስቱ እንደ አንድ ጠመንጃ ከተሰሙ ዓመቱ የእኛ ነው። አንዷ ከዘገየች ግን ነጥብ የለንም፣ የሕዝቡ ሳቅ እስከ ቤታችን ይከተለናል፣ ሴቶቻችን ገበያ መውጣት ያፍራሉ።

አንድ ዙር ጋልበን ስንመለስ ጠመንጃዎቹን ለባ ዘርዋል እናቀብላለን። ጥቁር ሳሙና በተበጠበጠበት ለብ ያለ ውኃ የራሰ ጨርቅ በዘንጉ ጫፍ ይጠመጥሙና እስከ ታች ይሰዱታል። ጠቁሮ ከወጣ ሌላ ይጨምራሉ። ቀጥሎ ደረቅ ጨርቅ። ከዚያ አፈሙዙ ላይ አፋቸውን ገጥመው ይነፋሉ፤ ትንፋሻቸው ከታች እሳት በሚገባባት ቀዳዳ ሲወጣ በጣታቸው ይሰሙታል። በመጨረሻ ጥቀርሻው እንዳይጣበቅ ትንሽ ሞራ ያስነኩታል። ለአንድ ጠመንጃ ይህን ያህል ጊዜ ሲጠፋ የማይበሳጭ ፈረሰኛ የለም።

«ባ ዘርዋል፣ እያጠቧት ነው ወይስ ሊድሯት ነው?» እንላለን።

«አንተን ከመቅበር እሷን መዳር ይቀለኛል» ይላሉ፤ እጃቸው ግን አይፈጥንም።

ለምን እንደማይፈጥን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። አርባ ዓመት የመንደራችን ሐማም፣ የሙቅ ውኃ መታጠቢያው ቤት፣ እሳት አንዳጅ ነበሩ። «እሳት ሲተኛ እንጂ ሲሞት አላየሁም» ይሉ ነበር። ከተኩስ በኋላ በጥቀርሻው ሥር የተዳፈነች የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ፍም ትቀራለች። በላይዋ ባሩድ ስታፈስ ትነቃለች። እርጥቡ ጨርቅ ለእሷ ነው።

እንግዲህ ወደሚያበግነኝ ነገር ልምጣ። አንድ ዓመት፣ በበዓሉ በሁለተኛው ዙር አሥራ አራት ጠመንጃ አንድ ላይ ጮኸ፣ ከዚያ አንዷ ለብቻዋ፣ ጧ! እኔ የምጋልበው ከሙቀደማችን ከተይቢ በስተግራ ነው። ያቺ የዘገየች ተኩስ ቀኝ ጆሮዬ ሥር ነው የፈነዳችው፣ የጭሷ ትኩሳት ጉንጬን ገርፎኛል። የተይቢ ነበረች። ሰውዬው ስልሳ ሊሞላው ነው፣ ክንዱ ታሞ ነበር፣ ዘገየ። ነውር አልነበረውም። ነውሩ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

ሕዝቡ ሳቀ። አንዱ ከአጥሩ ማዶ «የመጨረሻዋስ ለምሳ ጥሪ ናት?» ብሎ ጮኸ። ተይቢ ከፈረሱ ወርዶ በቀጥታ ወደ ባ ዘርዋል ሄደና ባልዲውን በእግሩ መታው።

«የዚህ ሽማግሌ እርጥብ ጨርቅ ነው ያዋረደን። የአንዱን ባሩድ አርጥቦታል።»

«የማንን?» አሉ ባ ዘርዋል ረጋ ብለው።

«እኔ ምን አውቄ! የአንዱን።»

«እያንዳንዷን አድርቄ፣ ነፍቼ ነው የሰጠሁት። ልጆቹን ጠይቅ።»

«ማንንም አልጠይቅም። ከዛሬ ጀምሮ ውኃ የሚባል ነገር ከጠመንጃችን አጠገብ አይደርስም። አንተም ቤትህ አርፈህ ተቀመጥ።»

አባቱን የሚያህል ሰው «አንተ» ብሎ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏችኋል ይሄ ነው፤ ያውም አህያው ራሱ ተይቢ ነበር። ባ ዘርዋል አልተሟገቱም። ዞር ብለው አሥራ አምስታችንንም ተራ በተራ አዩን። እኔ ጋ ሲደርሱ ምንም ያልሆነውን የእርካብ ጠፍር ጎንበስ ብዬ ማጥበቅ ጀመርኩ። ዛሬም ያ ጠፍር ትዝ ሲለኝ ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ የሰው መጫወቻ ሆኑ። ጸጉር አስተካካዩ ቤት ሲገቡ «ባ ዘርዋል፣ ዛሬስ የማንን ባሩድ ሊያረጥቡ ነው?» የሚል አይጠፋም። ሠላሳ አንድ ዓመት ማንም ሰው ጥፍሩ ሳይነቀል የቆየው በማን እንደሆነ የሚያስታውስ አልነበረም። ደጃፋቸው ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። ወደ እርሻዬ የሚወስደው መንገድ በዚያ ነው። እኔ ግን በውኃ ጉድጓዱ በኩል መዞር ጀመርኩ፣ ሩብ ሰዓት ይጨምራል፣ ጨመርኩት።

ቀጣዩ በዓል ደረሰ። ጨርቅ የለ፣ ሳሙና የለ፣ ጋልበን እንመለሳለን፣ እንደገና እናጎርሳለን። የመጀመሪያው ዙር እንደ አንድ ጠመንጃ ጮኸ። ሁለተኛውም።

«አያችሁ? ያን ሁሉ ዓመት ጠመንጃ በከንቱ ስናጥብ ኖረናል እኮ» አለ ተይቢ።

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በሁለተኛው ዙር ዘንጌ ቧንቧው ውስጥ እየፋቀ በግድ እንደገባ አይቼ ነበር፣ ጥቀርሻው አጥብቦታል። ዝም አልኩ። ዝም ማለት ልማድ ሆኖብኝ ነበር። ለሦስተኛው ዙር ባሩዱን አፍስሼ ዘንጉን ስጠቀጥቅ ጠመንጃው እጄ ላይ ፈነዳ። ዘንጉ በእንግዶቹ ድንኳን ላይ አልፎ ሄደ። ከቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች አብረውት ሄዱ፣ ቅንድቤም አልቀረልኝም።

ተይቢ ሆስፒታል ድረስ ሾጣጣ ድድር ስኳር ይዞ መጣ፣ እንደ ታማሚ መጠየቂያ ወጋችን። አልጋዬ ጫፍ ተቀመጠና «የአላህ ውሳኔ ነው፣ ወንድሜ ማቲ» አለኝ። አላህ ጨርቅ አልከለከለንም! የከለከለን አጠገቤ ቁጭ ብሎ ስኳሩን ያስተካክላል። ይህም ሆኖ «አሜን» አልኩት። እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ።

ከሆስፒታል እንደወጣሁ በጉድጓዱ በኩል አልዞርኩም። ባ ዘርዋል ደጃፋቸው ላይ ነበሩ። የተጠቀለለውን እጄን አዩ፣ ወንበሩን ገፋ አድርገው ቦታ ሰጡኝ።

«ባ ዘርዋል፣ ያቺ የዘገየችው ተኩስ…»

«የተይቢ ናት።»

«ያውቁ ነበር?»

«ከፈረስህ ስትወርድ ቀኝ ጆሮህን እያሸህ ነበር። በቀኝህ የሚጋልበው ማነው ታዲያ?»

«ለምን አልተናገሩም?»

«እኔ? ፈረስ የሌለው፣ ጠመንጃ የሌለው እሳት አንዳጅ ሙቀደሙን ዘገየ ብል ማን ያምነኛል? የሰማው ሰው ነው የሚናገረው።» የተቀመጡበትን ወንበር መታ መታ አደረጉ። «ዓመት ሙሉ እዚህ የምቀመጠው ፀሐይ ልሞቅ መሰለህ ልጄ? አንተን ስጠብቅ ነው። አንተ ደግሞ በጉድጓዱ በኩል ትዞራለህ።»

ሁለት ጣት ማጣት እንዲህ አላመመኝም።

አርብ ዕለት ከጸሎት በኋላ ተይቢ ቤት ለኩስኩስ ምሳ ተሰበሰብን፣ አሥራ አምስታችንም። ሳህኑ እንደቀረበ ማንም እጁን ሳይዘረጋ ተናገርኩ። «ባለፈው ዓመት የዘገየችው ተኩስ የተይቢ ናት። ከጎኑ ነበርኩ፣ ሰምቻለሁ። ባ ዘርዋል ምንም አላጠፉም» አልኩ። ሁሉም ኩስኩሱን ያይ ጀመር።

ከዚያ ከወዲያኛው ጫፍ አንዱ «እኔም ሰምቼ ነበር» አለ። ቀጥሎ ሌላው «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ጉሮሮውን እየጠረገ፣ አንዱ አንዱን እያየ፣ አሥራ ሦስቱም። ሁሉም ሰምቶ ነበር! አሥራ አምስት ጠመንጃ እንደ አንድ የምናስጮህ ጀግኖች ነን ብለን አገር ስንነቀንቅ፣ ለአንድ ሽማግሌ አንድ ቃል አብረን ማውጣት አቅቶን ዓመት ሞላን። ዳቦውን አንስቼ ፊታቸው ላይ ብወረውር ደስ ባለኝ።

ተይቢ እጄን ያይ ነበር። «ክንዴ ነው» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ አነሰ። «ጠመንጃውን ማንሳት አቅቶኝ ነበር።» ከዚያ ተነስቶ ጓዳ ገባ። ያን ቀን ኩስኩሱ ሳይነካ ቀረ።

እኔ በቀጥታ ወደ ባ ዘርዋል ሄድኩ። ላላ ሃዱም በር ከፈተችልኝ፣ እሳቸው ምሳ ላይ ነበሩ።

«ተናገርኩ» አልኳቸው። «ሌሎቹም ሰምተናል አሉ። ተይቢም አመነ።»

ዳቧቸውን አስቀመጡ። «ሌሎቹ ሲናገሩ በአንድ ድምፅ ነው ወይስ አንድ በአንድ?»

«አንድ በአንድ ነው፣ ባ ዘርዋል። እየተንጠባጠበ።»

«እንግዲያው ነጥብ የላችሁም» አሉ።

ላላ ሃዱም ሳቋን ልትደብቅ ፊቷን አዞረች። እሳቸው አልሳቁም። ተነስተው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የወይራ ዘንግ አወረዱና አቧራውን በእጃቸው ጠረጉት።

«ያቺን ጣትህን የበላችውን ጠመንጃ ነገ አምጣት» አሉኝ። «ማንም አልወለወላትም አይደል?»

ማንም አልወለወላትም ነበር።