ጋርኖን ሽቅብ የሚወጡ ዓሦች

አያ ሰውአገኝ ድሮም ንግግር አያበዙም፤ ሚስታቸው ካረፈች ወዲህማ ጭርሱን ዝም ብለው ነበር። ቤታቸው ከማክሰኝት ዝቅ ብሎ ጋርኖ ወንዝ ዳር ነው። ልጃቸው ጌትነት በግንቦት ሄለን የምትባል የጎንደር ከተማ ልጅ አገባ። ክረምቱ ሲገባ ግን ሰሊጥ ሊያርም መተማ ወረደና ምራትና አማት ብቻቸውን ቀሩ።

ሄለን በሥራ አልሰነፈችም። ግን አንዳንዴ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ አያ ሰውአገኝ ይሰሟታል። ምን ይበሏት? ለእንዲህ ያለው ነገር ቃል የነበራት ሚስታቸው ነበረች።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ሲዘንብ አድሮ ጠዋት አባራ። አያ ሰውአገኝ ወንዙን አይተው ተመለሱና ሄለንን ጠሯት፤ የማሳይሽ ነገር አለ ብለው ይዘዋት ወረዱ።

በክረምት ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ሊጥል ከጣና ተነሥቶ ጋርኖን ሽቅብ ይወጣል። ሄለን ዓሣ የምታውቀው ተጠብሶ ነው። አሁን ግን ዓሦቹ በጠጠሩ ላይ፣ ጀርባቸው ከውሃው እየወጣ፣ ከወራጁ ጋር ሲታገሉ አየች። ሌሊት የሞላው ወንዝ ጠዋት በመጉደሉ አንዳንዶቹ ዳር ካለች ኩሬ ተዘግተው ቀርተዋል።

"ምነው አይይዟቸውም፣ አባባ?"

"ሆዳቸው ሙሉ እንቁላል ነው፣ ልጄ። ከአገራቸውም ርቀዋል" አሏት ቀስ ብለው።

ሄለን ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ኩሬው ውስጥ ገባች። አንዱን ዓሣ በሁለት እጇ ስታቅፈው ተወራጭቶ ፊቷን በድፍርሱ ውሃ አጠበና አመለጣት። ሳቀች። አያ ሰውአገኝም ጋቢያቸውን ይዘው ገቡ። አንዱን ጫፍ እሷ፣ ሌላውን እሳቸው ይዘው እንደ መረብ እየዘረጉ፣ ዓሦቹን ወደ ወንዙ መለሷቸው።

ሽቅብ ሲመለሱ ሄለን ጎንደር ቀሐ ሰፈር ስላለው የልጅነት ቤቷ፣ ስለ እናቷ አወራች።

"ናፈቀችኝ፣ አባባ።"

"እኔንም የጌትነት እናት ትናፍቀኛለች" አሉ። ይህን ለማንም ተናግረውት አያውቁም።

በሳምንቱ ቅቤ አሲዘው፣ መኪና አሳፍረው ወደ እናቷ ላኳት። ጎረቤት ሁሉ የከተማ ልጅ ከሄደች አትመለስም አላቸው።

የዘመን መለወጫ ማግስት አያ ሰውአገኝ አስፋልቱ ዳር ቆመው ጠበቁ። ሚኒባስ መጥቶ አለፈ፤ ሌላም አለፈ። ሄለን ከሦስተኛው ወረደች። ቦርሳዋን ተቀብለው ትከሻቸው ላይ አደረጉና፣ እሷ የከተማውን ወሬ እያወራች፣ እሳቸው እየጠየቁ፣ ጭቃውን መንገድ አብረው ወረዱት።