ትልሙን ያዞሩት ሴትዮ

የሽንኩርት ማሳቸው የሚያልቀው የትንንሽ አውሮፕላኖች ማረፊያ ሜዳ አጥር ሥር ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚያርሱት ከአማቻቸው፣ ከትልቋ ልጃቸው ባል ጋር ነው። አብራሪዎቹ «እማማ ሽንኩርት» ይሏቸዋል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አረም ሲነቅሉ የአንዲት ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ሞተር ተንተፋትፎ ጸጥ አለ። አውሮፕላኗ ሜዳው ሳትደርስ ማሳው ላይ ወረደች። የፊት ጎማዋ አግድም በወጣው ትልም ተያዘና በአፍንጫዋ ተተክላ ተገለበጠች።

እማማ ሲደርሱ አካባቢውን የነዳጅ ሽታ አፍኖታል። አብራሪው በቀበቶው ቁልቁል ተንጠልጥሎ ሊፈታው ይታገላል። ቢፈታው የሚወርደው በአንገቱ ነው። አማቻቸው እሳት ይነሳል ብሎ ሊመልሳቸው ሞከረ፤ እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው በእጅና በጉልበታቸው እየዳኹ ገቡ።

«ቆይ ልጄ፣ አትፍታው» አሉትና ከሥሩ ሆነው ጀርባቸውን ትከሻው ላይ ደገፉ። «በል አሁን። እኔ አለሁ።»

ዕድሜ ልኩን ጆንያ የለመደ ጀርባ ሰውየውን ተቀበለ። ጎትተው አወጡት፤ ክንዱ ተሰብሮ ነበር እንጂ ሌላው ደህና ነው። እሳትም አልተነሳም።

ሰዉ ጀግንነታቸውን ሲያወራ የእሳቸው ሐሳብ ጎማዋን የያዘው ትልም ላይ ነበር። እራት ላይ ትልሙን ሁሉ አዙረው በማረፊያው አቅጣጫ ሊያወጡት እንዳሰቡ ለአማቻቸው ነገሩት። እሱ ቦዩ እንደ አዲስ ሊቆፈር ነው፣ ደግሞስ አውሮፕላን በየቀኑ ይወድቃል ወይ ብሎ ተከራከረ።

«የሚወድቀውማ ይወድቃል» አሉ። «የኔ መሬት ግን አንገቱን አይሰብረውም።»

በማግስቱ ዶማቸውን ይዘው ብቻቸውን ጀመሩ። አማቻቸው ደጃፉ ላይ ቆሞ ሲያያቸው አረፈደ፤ ኋላ ግን ማየቱ ከበደውና የራሱን ዶማ አንስቶ ተከተላቸው። ሥራው በጋውን ሙሉ ፈጀ። የመጀመሪያው ዓመት ውሃው እንደ ድሮው አልሄድ ብሎ ሽንኩርቱ ኮሰመነ፤ እማማ አንድም ቀን ተጸጸትኩ አላሉም።

ውሎ አድሮ ሌላ አውሮፕላን ነፋስ ወደ ታች ገፍቷት ከሜዳው ወዲህ ማሳው ላይ ወረደች። ጎማዎቿ ትልሙን ተከትለው ሽንኩርቱን እየጨፈለቁ ሄዱ፤ አጥሩ ጋ ስትደርስ ምንም ሳትሆን ቆመች። ከውስጧ የወጣችው ወጣት አብራሪ ስለ ሽንኩርቱ ይቅርታ ጠየቀቻቸው። እማማ ጉንጯን ዳበስ አድርገው መጀመሪያ ቁጭ በይ አሏት፤ አማቻቸውንም ውሃ እንዲያመጣላት ላኩት።

ከዚያን ቀን ወዲህ አማቻቸው ለመጣ ለሄደው ሁሉ «ትልሙን ያዞርነው እኮ እኛ ነን» ይላል። እማማም አንድም ቀን አላረሙትም።