ለጎረቤቴ ዜሮ የሰጠሁበት ጥናት

ሐረር የመጣሁት በመምህርነት ተመድቤ ነው፤ አገሬ ጎጃም። ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር ለመመረቂያ የመረጥኩት ርዕስ «ሃይማኖተኛነትና የመረዳዳት ባሕርይ» የሚል ነበር። አዎ፣ ሳይንስ! የሰውን ደግነት ከዜሮ እስከ ሃያ በሚሄድ ነጥብ ልለካ ተነሳሁ፤ ገበያ ወጥቼ አንድ ኪሎ ሽንኩርት እንኳ በወጉ ማስመዘን የማልችለው ሰውዬ።

ፈረስ መጋላ ካፌ ውስጥ ያገኘሁት አንድ ደላላ ጥያቄውን አንብቤ ሳልጨርስ ይመልስልኝ ነበር።

«የታመመ ጠይቀዋል?»

«በየቀኑ!»

«የተራበ አብልተዋል?»

«ያላበላሁት ማን አለና!»

የጠጣውን ማኪያቶ የከፈልኩት እኔ ነኝ። መስጊድ ስለመሄድ ስጠይቀው ግን «ጊዜ የት አለ ብለህ ነው?» አለኝ። በደግነት ሃያ ከሃያ አገኘ።

ከዚያ ጁገል ውስጥ ግድግዳ የምንጋራቸው እማማ ዘንድ ሄድኩ። እማማ አንድም ሰላት አያመልጣቸውም። ባለቤቴ ስትወልድ ዘመድ አጠገባችን አልነበረም፤ አርባ ቀን ሙሉ የሕፃኑን ገላ ያጠቡት፣ አጥሚቱን ያፈሉት እሳቸው ናቸው። የእስላም ሥጋ እንደማንበላ ስለሚያውቁም ዶሮዋን ከነነፍሷ ይዘው መጥተው «በወጋችሁ እረዷት፣ አራሷ ትብላ» ብለው ሰጡን።

«ባለፈው አንድ ዓመት የሌላ እምነት ተከታይ ጎረቤት ረድተዋል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። እኔው! የዶሮዋን መላላጫ የበላሁት!

«የለም» አሉ።

«እንዴ እማማ! እኛስ?»

«ተው ልጄ! ሰደቃ ከተወራ አጅሩ፣ የአላህ ዋጋው፣ የት ይቀራል? የለም ብለህ ጻፍ። ለሰው ብታወራ ወላሂ አዝንብሃለሁ።»

መመሪያው «ተጠያቂው ያለውን ብቻ ጻፍ» ይላል። ጻፍኩ። ዜሮ። ሌሎቹም ሰጋጆች፣ ከቤተ ክርስቲያን የማይጠፉት የኛ ሰዎችም፣ ተራ በተራ «ምን ረዳሁና» እያሉ መለሱኝ። ውጤቱ ሲደመር፦ አብዝቶ የሚጸልይ ሰው አይረዳም! አማካሪዬ ደስታውን አልቻለውም፤ «አዲስ ግኝት!» እያለ ጨበጠኝ። ውሸት መሆኑን ሆዴ ያውቃል። ማን ይናገር የነበረ ይባላል፤ የነበርኩት እኔ ለዲግሪና ለእድገት ብዬ ዋጥ አደረግኩት። በማዕረግ አለፍኩ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ግኝቱን የሰሙ ሹሞች ለነዋሪው «የጉርብትና ሥልጠና» ይሰጥ አሉ፤ አሠልጣኙ እኔ። መቼም ለሥልጠና ማን ይመጣል፣ ባዶ ወንበር ሳስተምር ልውል ነው ብዬ ስገባ አዳራሹ ጢም ብሏል። ለካ እማማ «ልጄ ሰው ፊት እንዳያፍር» ብለው የሰፈሩን ሴቶች በሙሉ ሰብስበው አምጥተዋል። እሳቸውም የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ፈገግ ይሉልኛል።

ከጀርባዬ ግድግዳው ላይ «በሃይማኖተኞች ዘንድ የመረዳዳት መላላት» የሚል ጽሑፍ በርቷል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የመጣው ይምጣ፣ እውነቱን እናገራለሁ ብዬ ቆረጥኩና «ጥናቱ ስህተት አለበት። እኔ ራሴ ባለቤቴ አራስ ሳለች...» ስል እማማ አፈጠጡብኝ። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። እውነቱን ልናገር ብል እሳቸው የደበቁትን ልገልጥባቸው ነው፤ ልተው ብል በሐሰት ላሳጣቸው ነው። ወረቀቴን ማገላበጥ ያዝኩ።

የምናገረው የጠፋብኝ መስሏቸው ነው መሰለኝ «አብሽር ልጄ፣ ቀጥል!» አሉኝ ጮክ ብለው።

ቀጠልኩ። ጎረቤት እንዴት እንደሚረዳ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስተማርኳቸው።