ሰባት እርምጃ እስከ መስኮቱ

የእህቴ ሥራ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ መቆምና መቀመጥ ነበር። ቀልዴን እንዳይመስላችሁ! ፊልም ሲቀረጽ መብራቱና ካሜራው እስኪስተካከል ሰዓታት ይፈጃል። ያን ሁሉ ሰዓት በዝነኛዋ ተዋናይት ቦታ የምትገተረው እህቴ ናት፤ ቁመታቸው እኩል ነው። ሁሉም ሲሰናዳ እሷ ትነሳለች፣ እሳቸው ይገባሉ፣ ጭብጨባው የእሳቸው ይሆናል። ሠራተኛው «ወንበር አሟቂዋ» ይላታል። እኔ እዚያው ልብስ ተኳሽ ነኝ፤ ይህን በሰማሁ ቁጥር ቆሽቴ ያርራል። እሷ እቴ! «እውነታቸውን እኮ ነው» ብላ ትስቃለች።

ተዋናይቷ «ይህ የመጨረሻ ፊልሜ ነው» ሲሉ አገሩ ሁሉ ምክንያቱን ሲገምት ከረመ። ዓይናቸው እየደከመ መሆኑን የምናውቀው እህቴና እኔ ብቻ ነበርን።

የመጨረሻው ቀን መጣ። በመጨረሻው ትዕይንት ተዋናይቷ ከበሩ ተነስተው ሰባት እርምጃ ይሄዳሉ፣ ወለሉ ላይ የተለጠፈው ምልክት ላይ ይቆማሉ፣ የፊልሙን ልጃቸውን በመስኮቱ ይሰናበታሉ። በቃ። ግን ምልክቱን ትንሽ ካለፉት ፊታቸውን ጨለማ ይውጠዋል። ሦስት ጊዜ ሞከሩ፣ ሦስቴም አለፉት።

ዳይሬክተሩ እህቴን ጠራት። «ልብሳቸውን ልበሺ፤ ከጀርባ እንቀርጽሻለን። ማንም አያውቅም።»

ተዋናይቷ ይህን እየሰሙ ለትዕይንቱ በተዘጋጀው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ደስ አለኝ። እህቴ በስንት ጊዜዋ ሲኒማ ልትታይ! ለመለዋወጫ የተሰፋውን ልብሳቸውን ይዤ በረርኩ።

«አልለብስም» አለች።

«አብደሻል እንዴ? ያባርሩሻል!» አልኳት።

«ያባርሩኛ! ሃያ ሰባት ዓመት ቦታቸውን የጠበቅኩት በመጨረሻው ቀን ልነጥቃቸው ነው?» ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች። «ግማሽ ሰዓት ስጠኝ።»

እህቴ አንዴ አልፈልግም ካለች አለች ነው። ከስፌት ሳጥኔ ወፍራም ገመድ መዥርጣ ወሰደች። ወለሉ ላይ ተንበርክካ ምልክቱን ላጠች፣ ገመዱን ከሥሩ አጋድማ መልሳ ለጠፈችው።

«እትዬ፣ ጫማዎን ያውልቁ። እግርዎ ካሜራው ውስጥ አይገባም። እዚህ ሲደርሱ ይጎረብጥዎታል፤ ያኔ ቀጥ ነው።»

አሥራ አንድ ጊዜ ተመላለሱ። መጀመሪያ ክንዳቸውን ይዛ፣ ቀጥሎ አንድ ጣታቸውን ብቻ፣ በኋላ ለቀቀቻቸው።

ካሜራው መቅረጽ ጀመረ። ልብሱን እንደታቀፍኩ እርምጃቸውን ቆጠርኩ። በሰባተኛው እርምጃ ቀጥ አሉ፤ መብራቱ ፊታቸውን ሞላው። «ሂድ ልጄ፣ ወደ ኋላ አትይ» አሉ። እኔ በልብሱ እንባዬን ጠረግኩና እንደገና መተኮስ ግድ ሆነብኝ።

ፊልሙ የተመረቀ ዕለት ከፊት ረድፍ ቦታ ሰጡን። እህቴ ልማድ ሆኖባት የተዋናይቷ ወንበር ላይ ተሰይማ ጠበቀቻቸው፤ ሲመጡ ተነስታ አስቀመጠቻቸውና አጠገባቸው ተቀመጠች። በዚያን ጊዜ ዓይናቸው ፈጽሞ ጠፍቶ ስለነበር ፊልሙን በጆሯቸው የምታሳያቸው እሷ ነበረች። መጨረሻው ሲደርስ አዳራሹ ሁሉ ይነፋረቃል፤ እሷ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትቆጥራለች።

«አምስት... ስድስት...»

እጇን ጨበጡ። «ደረስኩ?»

«ደርሰዋል፣ እትዬ። መብራቱ ፊትዎ ላይ ነው።»