እናቴ በቴሌቪዥን ያየችኝ ገና

ሊወስዱኝ የመጡት ሁለት ፖሊሶች ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ድረስ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ይህን ጨዋነታቸውን እስካሁን አልረሳሁትም። ልጆቹ ማባዛት በቃላቸው ይሉ ነበር። ሲጨርሱ ጠመኔውን አስቀመጥኩ፤ እጄን በቀሚሴ ጠረግኩና ተከተልኳቸው።

ጥፋቴ በር መክፈት ነበር። ዘመኑ የስልሳዎቹ መጀመሪያ ነው፤ የአዋሽ ሸለቆ ጥጥ ነጭ ወርቅ ይባል የነበረበት። እኔ በእርሻው ውስጥ ባለው ትምህርት ቤት የለቃሚዎቹን ልጆች አስተምራለሁ። ኅዳር ላይ አውሮፕላን መድኃኒት በረጨ ማግስት ማሳ የገቡ ሁለት ለቃሚዎች ታመሙ፤ አንዱ ሞተ። ጓደኞቹ ቁጭ ብለው የሚመክሩበት ጥላ ጠየቁኝ። በዚያ ሜዳ ላይ ከትምህርት ቤቱ ሌላ ጥላ የለም። እሑድ ነበር፤ ከፈትኩላቸው። ሰኞ ሥራ አቆሙ። ማክሰኞ «አሳድማለች» ተባልኩ።

በጥጥ ጫኝ መኪና ወደ አዋሽ ከተማ ወሰዱኝ። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለው ፖሊስ ጣቢያ ለሴት የሚሆን እስር ቤት ስላልነበረው ዕቃ ቤቱን ለሴቶች ለቀው ነበር። ግድግዳውም ጣራውም ቆርቆሮ ነው። ጆንያና ናፍጣ ይሸታል። ቀን ቆርቆሮው እጅ አያስነካም፤ ሲመሽ ደግሞ ወሩ ታኅሣሥ ነውና እየተንጣጣ ይበርዳል። ምስማር በበሳቸው ቀዳዳዎች የሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ነጠብጣብ ይሠራል።

ከኔ በፊት የገባች አንዲት ሴት ነበረች። ድሬዳዋ ተወልዳ አዋሽ የተዳረች ሙስሊም ናት፤ ባሏ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነው። ወንድሟን መንግሥት ይፈልገዋል። የት እንዳለ ካልተናገርሽ ብለው አስቀምጠዋታል። እውነቱን ለመናገር፣ የት እንዳለ አታውቅም ነበር።

«አብሽሪ» አለችኝ በመጀመሪያው ቀን፣ ከሰሌኗ ላይ ፈቀቅ ብላ ቦታ እየሰጠችኝ። «ሰው ይለምደዋል። ትንኙን ብቻ አይለምደውም።»

እኔን ያስጨነቀኝ ትንኙ አልነበረም። እናቴ አዲስ አበባ ናት። የት እንዳለሁ አታውቅም። ደብዳቤ መጻፍ አልተፈቀደልኝም። ኋላ እንደ ሰማሁት፣ እዚያው አዲስ አበባ ወደ እርሻው ኩባንያ ቢሮ ሄዳ ስትጠይቅ «ሥራዋን ለቃ ሄዳለች፤ የት እንደ ሄደች አናውቅም» ብለዋታል። ሌላ ልጅ የላትም።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ የጣቢያው አዛዥ፣ አንድ የመቶ አለቃ፣ ራሱ በሩን ከፍቶ ገባ። ሌላ ጊዜ ዘበኛ ነበር የሚልከው።

«ልጆችሽ አንዘምርም አሉ» አለኝ።

ምን እንደሚል አልገባኝም። ቆሞ አስረዳኝ። ነገ የፈረንጆች ገና ነው። የእርሻው ሥራ አስኪያጅና ሚስቱ ለሠራተኛ ልጆች ግብዣ አዘጋጅተዋል። ከአዲስ አበባ የቴሌቪዥን ሰዎች መጥተዋል፤ የሚያነሡት ፊልም በኛ ገና ዋዜማ ለሕዝብ ይታያል። ልጆቹ እንዲዘምሩ የቢሮ ጸሐፊው ቢለማመጣቸው «እትዬ ካልመጡ» ብለዋል።

«መጥተሽ ታዘምሪያቸዋለሽ። ከዚያ ካሜራው ፊት ሁለት ቃል ትናገሪያለሽ። ትምህርት ቤት ተሠርቶልናል፣ ሐኪም ተቀጥሮልናል፣ ኩባንያውን እናመሰግናለን። በቃ። ገናን ከእናትሽ ጋር ነሽ።»

«ካልተናገርኩስ?»

«ለምን አትናገሪም? ትምህርት ቤቱ አልተሠራም?»

ተሠርቷል። እስከ ጠዋት እንዳስብበት ነግሮኝ ወጣ።

ጓደኛዬ በሩ እስኪቆለፍ ጠብቃ «ምን ታስቢያለሽ? ተናገሪና ውጪ» አለችኝ። «ምላስ አጥንት የለውም። የሞተው ሰውዬ እንደሆነ አይመለስ።» ጥቂት ቆይታ ደግሞ «ቆይ፣ ይኸ ቴሌቪዥን የሚሉት ግን ምንድነው?» አለች።

አይታ አታውቅም። አዋሽ አልደረሰም ነበር፤ ያኔ ከአዲስ አበባ አይወጣም። ነገርኳት። እናቴ ተከራይታ የምትኖርበት ግቢ ባለቤት አንድ አለው። በሌላው ቀን ሳሎኑ ውስጥ ቆልፎ ነው የሚያየው። የበዓል ዋዜማ ሲሆን ግን መስኮቱ ላይ ያወጣዋል። ተከራዩ ሁሉ በርጩማውን ይዞ ግቢው ውስጥ ይቀመጣል። ባለቤቲቱ ጠላ ታዞራለች። እናቴ ዜና አንባቢው «እንደምን አመሻችሁ» ሲል ነጠላዋን አስተካክላ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትለዋለች። ሰው ሲስቅባት «ሰላም ያለኝን ሰው ዝም ልበለው?» ትላለች።

ጓደኛዬ በዚህ ከልቧ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ድንገት ቆመ።

«እንግዲያ እናትሽ ታይሻለቻ!» አለች።

እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላሰብኩትም ነበር። ሌሊቱን ያሰብኩት ግን እሱን ብቻ ነው።

ጠዋት የመቶ አለቃው የሚስቱን ነጠላ ይዞልኝ መጣ፤ የኔ ቆሽሾ ነበር። ፊቴን ታጠብኩ፤ ጸጉሬን ጓደኛዬ አበጠረችልኝ። በላንድሮቨር ወደ እርሻው ሄድን። ለወር ያህል ከዚያ ዕቃ ቤት ርቄ ስላልወጣሁ፣ አቧራውም ግራሩም፣ መንገዱን ሲያቋርጡ ያስቆሙን የአፋር ግመሎችም ደስ አሉኝ።

ግብዣው የተሰናዳው በሥራ አስኪያጁ ቤት ግቢ ነው። በግ ይጠበሳል። እኛ ገና ጾም ላይ ነን፤ አብዛኞቹ ወላጆች አጥሩ ሥር ቆመው ሽታውን ብቻ ያሸታሉ። መሐል ላይ ከደጋ ተቆርጦ የመጣ አንድ ትልቅ ጥድ በበርሜል ተተክሏል። የሥራ አስኪያጁ ሚስት ቅርንጫፎቹን ሁሉ በጥጥ ሸፍናቸዋለች። በአገሯ በዚህ ወቅት በረዶ ስለሚጥል የበረዶ ምሳሌ መሆኑን ጋዜጠኛው ተረጎመልን። ጋዜጠኛው ክራቫት ያሰረ ወጣት ነው፤ በሙቀቱ ክራቫቱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጣብቆበታል። ካሜራውን የያዘው ጠና ያለ፣ ቃል የማይበዛው ሰው ነበር።

ልጆቹን ጥዱ ፊት አሰለፍኳቸው። ካሜራው መንጫጫት ጀመረ። መዝሙሩ ሁለተኛው አዝማች ላይ ሲደርስ፣ ዳር ላይ ያለች አንዲት ልጅ እጇን ዘረጋችና አጠገቧ ካለው ቅርንጫፍ ጥጡን ለቀመች። ቀሚሷን ከፊት እንደ ከረጢት ሰብስባ ከተተችው። አጠገቧ ያለውም ለቀመ። እየዘመሩ ነው የሚለቅሙት። ወዲያው ሁሉም ዞሩ። በሁለት እጃቸው፣ በፍጥነት፣ አንድ ብጣሽ ሳያስቀሩ፣ እናትና አባታቸው ሲያደርጉ እንደሚያዩት፣ እነሱም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እንደሚያደርጉት። የሥራ አስኪያጁ ሚስት መጀመሪያ ሳቀች።

ለቃሚዎቹን የሚያሠራው አለቃ «ተዉ! ኧረ ተዉ!» ብሎ ጮኸ። ይህ ሰው ማሳ ላይ ሲጮኽ ትርጉሙ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ልጆቹ ዘገያችሁ ያላቸው መስሏቸው ባሰባቸው። ጥዱ ወዲያው አረንጓዴ ሆነ። ያቺ የጀመረችው ልጅ ቀሚሷን አቅፋ ወደኔ መጣች።

«እትዬ፣ የት ነው የሚመዘነው?»

ማንም አልሳቀም። አጥሩ ሥር ከቆሙት እናቶች አንዷ ፊቷን አዞረች። «እዚያው ጥዱ ሥር አስቀምጭው፤ ጎበዝ» አልኳት። ሴትዮዋ ጥጡን መልሳ እስክትለጥፍ ድረስ ጠበቅን። ሁለተኛ ሲዘምሩ እጃቸውን ወደ ኋላ እንዲያደርጉ ታዘዙ። እንደ ታዘዙት ዘመሩ።

ከዚያ የኔ ተራ ሆነ። የመቶ አለቃው ከካሜራው ጀርባ ቆመ። ጋዜጠኛው «እህቴ፣ ሲጀመር እነግርሻለሁ» አለና እጁን አነሣ።

መኪና ውስጥ ሳለሁ ቃሉን አዘጋጅቼ ነበር፤ አመስግኜ ልወጣ። ልዋሽ አይገባም፣ ያን ሁሉ መንገድ ያሰብኩት እንደዚያ ነው። እጁ ሲወርድ ግን ሌላ ወጣኝ። ስሜንና የአባቴን ስም ተናገርኩ። «የዚህ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። ትምህርት ቤቱ ተሠርቷል፤ እውነት ነው። እኔ ግን ከኅዳር ጀምሮ ያለሁት አዋሽ ፖሊስ ጣቢያ ታስሬ ነው። እማዬ፣ በሕይወት አለሁ። እንኳን አደረሰሽ።»

የመቶ አለቃው አንድ እርምጃ ወደፊት መጣና ቆመ። ካሜራ አንሺው ዓይኑን ከካሜራው አላነሣም።

«እህቴ፣ እስቲ ፊትሽን ወደ ፀሐዩ መለስ አድርጊልኝ» አለ ቀስ ብሎ። አደረግኩ። ከንግግሬ በኋላ ብዙ አነሣኝ።

ጋዜጠኛው ላቡን እየጠረገ ወደ መቶ አለቃው ዞረ። «ችግር የለም፣ ጌታዬ። ይኼ ካሜራ ድምፅ አይቀዳም። ንባቡን እኔ ስቱዲዮ ገብቼ ነው የማነበው።»

የመቶ አለቃው በረጅሙ ተነፈሰ። እኔ ጥዱ ሥር ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ማንም ተቀመጪ አላለኝም።

ስንመለስ የመቶ አለቃው አልመታኝም። ዕቃ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ «ነጠላውን» አለኝ፤ ሰጠሁት።

ለጓደኛዬ ሁሉን ነገርኳት። ስለ ልጆቹ ስነግራት አፏን በእጇ ያዘች። ድምፅ እንደማይቀዳ ስነግራት ግን «ታዲያ ምን አጠፋሽ? ዱዳም እኮ እናቱ ታውቀዋለች» አለችኝ።

ገና የዋለው እንደ ሌላው ቀን ነው። ጠዋት ውኃ ቀዳን፤ ግቢውን ጠረግን። በወንዶቹ በኩል፣ ግመሎቹ ጥጥ በሉ ተብሎ የታሰረ አንድ የአፋር ሽማግሌ በቆርቆሮው ማዶ «ዛሬ የናንተ ዒድ ነው አሉ፤ እንኳን አደረሳችሁ» አለን። ቀትር ላይ የጓደኛዬ ባል ምሳ አመጣ። ዘበኛው ሳህኑን ሲከፍተው ዳቦ፣ ቴምርና ምስር ነው። «ሥጋ ያላደረግኩበት ለአስተማሪዋም እንዲሆን ነው» ብሎ ልኳል፤ የእስላም ሥጋ እንደማልበላ አስቦ። ከዚያ በኋላ ብዙ ገና ጠግቤ በልቻለሁ። የዚያን ቀን ምስር ግን አስታውሰዋለሁ።

በማግስቱ የመቶ አለቃው መጣ። ደስ ብሎታል።

«ዋዜማውን ታየሽ። ከአዲስ አበባ በስልክ ነገሩኝ። አስተማሪዋ ኩባንያውን አመሰገነች ተብሎ ተነቧል። አሁን የቀረው ትንሽ ነው። ጉዳይሽን ሊያይ እዚህ ለሚመጣው ሹም 'አዎ፣ ብያለሁ' ትይዋለሽ። አገር የሰማው ነገር ነው።»

«እኔ ያልኩት ሌላ ነው» አልኩት።

«ያልሽውን ማንም አልሰማም።»

«እርስዎ ሰምተዋል።»

ወደኔ አየ። ከዚያ ወደ መሬት አየ። ዘበኛውን «ቆልፍ» ብሎት ሄደ። ሹሙ ሲመጣ የመቶ አለቃው እኔን አላስጠራኝም።

እናቴ የደረሰችው ከጥምቀት በፊት ባለው ሳምንት ነው። ከናዝሬት ወዲህ ተሻግራ አታውቅም። በባቡር አዋሽ ወርዳ፣ በጥጥ መኪና እርሻው ድረስ ሄዳ፣ ለቃሚዎቹ ሴቶች የት እንዳለሁ ነግረዋት ተመልሳ ነበር። ቢሮ ውስጥ ጠሩኝ። ስገባ እግሯ አብጦ፣ ዳቦዋን አቅፋ ቆማለች። የመቶ አለቃው ከጠረጴዛው ኋላ ተነሥቶ ራሱ ወንበር አቀረበላት።

«ይቀመጡ፣ እማማ። ልጅዎ እኮ በቴሌቪዥን አመስግናለች።»

እናቴ ተቀመጠች። ነጠላዋን አስተካከለች።

«ጌታዬ፣ እኔ ጆሮዬ ብዙም አይሰማልኝ» አለችው። «ዓይኔ ግን ደህና ነው።»

የመቶ አለቃው ኮፍያውን አነሣና ትቶን ወጣ፤ በሩንም አልዘጋውም።

እናቴ ጉንጬን በመዳፏ ያዘች። «ከስተሻል» አለች። በዋዜማው ማታ ግቢው ሁሉ እልል ማለቱን፣ ባለቤትየው «ልጅሽ ትልቅ ሰው ሆነች» ብሎ ጠላ እንደ ደገማት ነገረችኝ። «ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ሰውዬ የሚያወራው ስለ ሌላ ሰው መሰለኝ። እኔ ያየሁት የገባ ጉንጭ ነው። የለበስሽውም ነጠላ ያንቺ አይደለም፤ ጥለቱን አላወቅኩትም። ታዲያ ልጄ በሰው ነጠላ ምን ታደርጋለች አልኩና ጠዋት ተነሣሁ።»

«ምን እንዳልኩ ገባሽ?»

«እማዬ ስትዪ ገባኝ» አለች። «ሌላው አልገባኝም።»

ጓደኛዬ የካቲት ላይ ተፈታች፤ ወንድሟ ሳይገኝ። እኔም መጋቢት ላይ ምክንያቱ ሳይነገረኝ ተለቀቅኩ። ወደዚያ ትምህርት ቤት አልመለሱኝም። ናዝሬት ሌላ ትምህርት ቤት ተቀጥሬ ጡረታ እስክወጣ አስተማርኩ። የመቶ አለቃው ወደ ሌላ ቦታ እንደ ተዛወረ ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ ስለሱ የማውቀው የለም። ስለሱ ክፉ መናገር አይቀናኝም። ወንበሯን ያቀረበላት እሱ ነው።

ያን ፊልም አይቼው አላውቅም። ይኑር፣ ይቃጠል አላውቅም። አንድ የልጅ ልጄ የድሮ ፊልም የሚቀመጥበት ቦታ አለ፣ ላፈላልግልሽ ብላኝ ነበር። አታፈላልጊ አልኳት። በወጣትነቴ እንዴት እንደ ነበርኩ ማወቅ ሳልፈልግ ቀርቼ አይደለም። እናቴ ከሞተች ቆየች። እሷ እንደዚያ ካየችኝ ወዲያ፣ ሌላ ሰው እንዴት እንዳየኝ ማወቁ ብዙም አያጓጓኝም።